ልጅ በጠንቋይ ሲያምን፦ ከሜክሲኮ ሆረር ፊልሞች የትኛውን እንምረጥ?

የሜክሲኮ ሆረር ፊልም ልይ ብሎ የተነሳ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል። በየዝርዝሩ ላይ እነዚያው ጥቂት ፊልሞች አንድ ላይ ተደርድረው ያገኛቸዋል። ሁሉም ውስጥ ልጅ ወይም ገና ያልበሰለች ወጣት አለች። ሁሉም ውስጥ ጠንቋይ፣ መንፈስ ወይም ምትሃት ይነሳል። ስለዚህ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ግን በጣም ይለያያሉ። አንዱን ከአሥራ ምናምን ዓመት ልጃችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ሌላውን ብቻችሁን ሆናችሁም እስከ መጨረሻው ለማየት ወኔ ይጠይቃል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት አንድ የተለየ ነገር ለሚፈልግ ተመልካች ነው። ልጅ በጥንቆላ ሲያምን ምን እንደሚፈጠር የሚያሳይ ጥሩ የሜክሲኮ ፊልም ለሚፈልግ ሰው። አምስት ፊልሞችን አነጻጽራለሁ። የአንዳቸውንም መጨረሻ አልናገርም።

መጀመሪያ መለኪያው

የመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። በፊልሙ ዓለም ውስጥ ጥንቆላው እውነት ነው ወይስ እምነት ብቻ? ፊልሙ ራሱ በጥንቆላ ካመነ ልጁ ልክ ነው፣ የተሳሳቱት ትልልቆቹ ናቸው። ያኔ የምንፈራው ጠንቋዩን ነው። ፊልሙ ካላመነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የምንፈራው ልጁን ይሆናል፤ ደግሞም ለልጁ እንፈራለታለን። ያመነ ልጅ ምን ያደርግ ይሆን እያልን እንጨነቃለን። እኔ በበኩሌ ሁለተኛው ዓይነት ይከብደኛል፤ ሲጨርሱትም ከሰው ጋር የሚቆየው እሱ ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ የሚደርስበትን ይቀበላል ወይስ ራሱ ነገር ይጀምራል? ብዙ ሆረር ፊልም ልጅን የሚያስገባው እንዲጮህና እንዲያሳዝን ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ከዚያ ያለፈ ነው።

ሦስተኛው፣ ትልልቆቹ የት ናቸው? ልጅ በጥንቆላ የሚያምነው ብቻውን ሲሆን ነው። ወይ የሚሰማው የለም፣ ወይ የሚነግረው ሰው ራሱ የተረቱ ምንጭ ነው። ፊልሙ ይህን ካላሳየ እምነቱ ከየት እንደመጣ አይገባንም።

የመጨረሻው የጭካኔው መጠን ነው። ደም፣ እርቃን፣ የልጅ ሞት። እዚህ ላይ የማስቀምጠው የዕድሜ ግምት የራሴ እንጂ የየአገሩ የፊልም ቦርድ አይደለም።

ርዝመት አያሳስባችሁ። አምስቱም ከ2 ሰዓት በታች ናቸው።

"ቬኔኖ ፓራ ላስ አዳስ" (መርዝ ለፌሪዎች)

የካርሎስ ኤንሪኬ ታቦአዳ ፊልም ነው። ፌሪ ማለት በተረት ውስጥ ያለች ትንሽ ምትሃተኛ ፍጡር ናት። የተሠራው በ1984 ነው። በ1986 ደግሞ አሪየልን፣ ማለትም የሜክሲኮን ትልቁን የሲኒማ ሽልማት፣ በምርጥ ፊልም ዘርፍ ወስዷል። ሆረር ፊልም እንዲህ ያለ ሽልማት ሲያገኝ በየትም አገር ብዙ አይታይም።

ቬሮኒካ ወላጆቿን ያጣች የአሥር ዓመት አካባቢ ልጅ ናት። የምትኖረው ከታመመች አያቷና ከሞግዚቷ ጋር ነው። ሞግዚቷ የጠንቋይ ተረት ትነግራታለች። ጭራቅ መጣብህ እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህቺን ሞግዚት አናጣትም። ቬሮኒካ ግን ተረቱን ሰምታ አትፈራም። ትወስደዋለች። ፍላቪያ የምትባል አዲስ ተማሪ ስትመጣ "እኔ እኮ ጠንቋይ ነኝ" ትላታለች።

ለምን እንዲህ አለች? ፊልሙ አያብራራም፤ ግን ቁጭ ብሎ ላየው ግልጽ ነው። ፍላቪያ ሀብታም ናት። እናትና አባት አሏት። የሚያምር አሻንጉሊት አላት። ቬሮኒካ ያላት ተረቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በተረቱ ትነግዳለች።

ፍላቪያ መጀመሪያ አታምናትም። አንድ የምትጠላው ነገር ግን አለ፤ የፒያኖ ትምህርት። ሁለቱ ልጆች ከዚህ ትምህርት ለመገላገል ተደብቀው አስማት ይሠራሉ። ብዙም ሳይቆይ የፒያኖ አስተማሪዋ ትሞታለች። ሴትዮዋ በሕመም እንደሞተች እኛ ትልልቆቹ ይገባናል። ፍላቪያ ግን "እኔ ነኝ የገደልኳት" ብላ ትደመድማለች። ለማን ትንገር? ምን ብላ ትጀምር? ከዚያች ቀን ጀምሮ ቬሮኒካ የጠየቀችውን ሁሉ ታገኛለች። አሻንጉሊቱን ታገኛለች። የዕረፍት ጊዜዋንም በፍላቪያ ቤተሰብ እርሻ ታሳልፋለች። እዚያ ነው የርዕሱ መርዝ የሚመጣው። ፌሪዎች የጠንቋይ ጠላት ናቸው ተብላ ያደገችው ቬሮኒካ እነሱን የሚገድል መርዝ እንሥራ ትላለች። ሁለቱ ልጆች የመርዙን ነገር ከየቦታው ሲሰበስቡ ማየት ከማንኛውም መንፈስ በላይ ያስጨንቃል።

ታቦአዳ አንድ ትልቅ ውሳኔ ወስኗል። ካሜራው የትልልቆቹን ፊት ይደብቃል። ከጀርባ እናያቸዋለን፣ ከአንገት በታች እናያቸዋለን፣ ድምፃቸውን እንሰማለን። ፊት ያላቸው ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ። በኋላ ላይ ግን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ምክንያቱም ፍላቪያ ልትናገርለት የምትችል አንድም ፊት በዙሪያዋ የለም።

በመለኪያዎቻችን ስናየው ይህ ፊልም በሦስቱ አንደኛ ነው። ጥንቆላው የለም፤ እምነቱ ግን ሰው ይጎዳል። ነገሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሱት ልጆቹ ናቸው። የትልልቆቹ አለመኖር በካሜራው ራሱ ተነግሯል። ቬሮኒካን የሠራችው አና ፓትሪሲያ ሮሆ በዚያ ዕድሜዋ ይህን ያህል መቻሏ ይገርመኛል። ተንኮሏንም ብቸኝነቷንም በአንድ ፊት ታሳያለች። ደካማ ጎኑ አጀማመሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ቀስ ይላል፤ ዝለል ዝለል ያሰኛል። አትዝለሉ። ደም የለም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ለትንሽ ልጅ አይሆንም። እኔ ከ13 ዓመት በላይ፣ ያውም ከወላጅ ጋር እላለሁ። ከባዱ ነገር የሚታየው ሳይሆን የሚታሰበው ነው።

"ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ" (የድንጋይ መጽሐፍ)

ይህም የታቦአዳ ነው። የ1969 ፊልም ነው፤ ከ"ቬኔኖ" በ15 ዓመት ይቀድማል። ሁለቱን ተከታትሎ ያየ ሰው አንድ ዳይሬክተር በአንድ ሐሳብ ላይ እንዴት እንደተመለሰ ይረዳል።

ማርጋ ሎፔስ የምትጫወታት የቤት አስተማሪ ሲልቪያ የምትባል ልጅ ልታስተምር ወደ አንድ ትልቅ ግቢ ትመጣለች። ሲልቪያ ኡጎ የሚባል ጓደኛ አላት። ኡጎ ግን በግቢው ውስጥ የቆመ፣ መጽሐፍ የያዘ የድንጋይ ሐውልት ነው። ሐውልቱ ከኦስትሪያ የመጣ ነው። ከሱ ጋር አብሮ የመጣ አፈ ታሪክም አለ፦ የኡጎ አባት ምትሃተኛ ነበር፤ ልጁም የአባቱን የምትሃት መጽሐፍ ይጠብቃል። ሲልቪያ "ኡጎ አስተማረኝ" እያለች ያልተለመደ ነገር ማድረግ ትጀምራለች። አባትየው የልጅ ቅዠት ነው ብሎ ያልፈዋል። አዲስ እንጀራ እናትም ቤቱ ውስጥ አለች፤ ሲልቪያ አትወዳትም።

እዚህ ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልጅቷ ታማለች? ትዋሻለች? ወይስ እውነት የሚናገር ድንጋይ አለ? የፊልሙ ጥንካሬ ይህ መንጠልጠል ነው። ፊልሙ በመጨረሻ ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከ"ቬኔኖ" የሚያንሰው በአንድ ነገር ነው። ታሪኩን የምናየው በአስተማሪዋ ዓይን ነው። ሲልቪያን ከውጭ ሆነን እናያታለን እንጂ ልቧ ውስጥ አንገባም። በሌላ በኩል ለጀማሪ የሚቀለው ይኼኛው ነው። ሙሉ የሆረር ጨዋታውን ይጫወታል፦ ጭጋግ አለ፣ ባዶ ክፍል አለ፣ በመስኮት የሚታይ ነገር አለ። ጭካኔው ትንሽ ነው።

"ላ ቲያ አሌሃንድራ" (አክስት አሌሃንድራ)

በ1979 በአርቱሮ ሪፕስታይን የተሠራ ነው። ከአምስቱ በጣም የተረሳውም ይህ ይመስለኛል። አሮጊቷ አሌሃንድራ ወደ ወንድም ልጇ ቤት ትገባለች። ቤቱ ገንዘብ አጥሮታል፤ እሷ ደግሞ ገንዘብ አላት። ልጆቹ ያሾፉባታል። አሮጊቷ ግን እውነተኛ ጠንቋይ ናት፣ ቂመኛም ናት።

የፊልሙ ምርጥ ነገር ጥንቆላው አይደለም። የቤቱ ኑሮ ነው። ባልና ሚስቱ አሮጊቷን የሚታገሷት ስለሚወዷት ብቻ አይደለም፤ ወጪውን ስለምትሸፍን ነው። ልጆቹ አንድ ነገር እየሆነ መሆኑን ቀድመው ያውቃሉ። ትልልቆቹ ግን ማወቅ አይፈልጉም፤ ማወቁ ያስከፍላቸዋል። ኢሳቤላ ኮሮና እንደ አክስት ድንቅ ናት። ይህቺው ተዋናይት በ1960ዎቹ መጀመሪያ "ኤል ኤስፔሆ ዴ ላ ብሩሃ" በተባለው ፊልም ላይ ጠንቋይ ሆና ተጫውታለች። የዚያን ፊልም ጽሑፍ ከጻፉት አንዱ ታቦአዳ ነበር።

ለኛ መለኪያ ግን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ልጆቹ እምነት አይፈጥሩም፤ የሚደርስባቸውን ይቀበላሉ። በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳትም ከባድ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች አስበውበት ይክፈቱት።

"ቭዌልቨን" (ይመለሳሉ)

የ2017 ፊልም ነው፤ ዳይሬክተሯ ኢሳ ሎፔስ ናት። እዚህ ባህላዊ ጠንቋይ የለም። ሆኖም ከርዕሳችን አልወጣም። የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖች ባዶ ባደረጉት ከተማ ውስጥ ኤስትሬያ የምትባል ልጅ ትኖራለች። ክፍል ውስጥ ሳሉ ውጭ ተኩስ ይነሳል። አስተማሪዋ ለማረጋጋት ብላ ሦስት ቁራጭ ጠመኔ ትሰጣታለች፦ እነዚህ ሦስት ምኞት ናቸው ትላታለች። ኤስትሬያ ቤቷ ስትደርስ እናቷ የለችም። የመጀመሪያውን ጠመኔ ትጠቀማለች። እናቷ እንድትመለስ ትመኛለች።

ሦስቱ ጠመኔዎች የቬሮኒካ ተረት ሌላ መልክ ናቸው። በሁለቱም ፊልሞች ትልቅ ሰው ለልጅ ተረት ይሰጣል፣ ከዚያም ይጠፋል። ልጁ ያንን ተረት ይዞ ብቻውን ይቀራል። ልዩነቱ ፊልሙ ለልጆቹ ያለው ርኅራኄ ነው። ኤስትሬያ ጎዳና ላይ ከሚኖሩ ልጆች ጋር ትቀላቀላለች። ለእነዚህ ልጆች ምትሃት ሌላውን መቆጣጠሪያ አይደለም። በሕይወት ለመቆየት የሚይዙት ነገር ነው። ግድግዳ ላይ እየሳበ የሚከተላት የደም መስመር አለ፣ ሙታን ይናገራሉ፣ የተሳለ ነብር ይንቀሳቀሳል። ይህ ሁሉ የልጅቷ ሐሳብ ነው ወይስ እውነት? ፊልሙ ሁለቱንም በር ክፍት ያደርጋል።

ከአምስቱ ፈጣኑ ይህ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ያለፈውን ዘመን ፊልም ዝግታ የማይችል ሰው ከዚህ ይጀምር። ሆኖም ቀላል ነው ብላችሁ አትክፈቱት። የሚሞቱት ልጆች ናቸው፤ የሚገድሏቸውም በዜና የምንሰማቸው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከ15 ዓመት በላይ እላለሁ።

"አሉካርዳ"

የሁዋን ሎፔስ ሞክቴሱማ ፊልም ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራ። ሁለት ወላጅ አልባ ወጣት ሴቶች በአንድ ገዳም ይገናኛሉ። ከሰይጣን ጋር ይዋዋላሉ። ከዚያ በኋላ ጩኸት፣ ደም፣ እርቃንና እሳት ነው። መነኮሳቱ የለበሱት እንኳ በደም የተነከረ ፋሻ ይመስላል። ፊልሙ የራሱ ኃይል አለው፤ የሚወዱት ሰዎች አጥብቀው ይወዱታል። ልጅነት ግን የለበትም። እዚህ ማነጻጸሪያ ውስጥ ያስገባሁት በየዝርዝሩ ከ"ቬኔኖ" ጎን ስለሚቀመጥና ሰው ስለሚሳሳት ነው። ለአዋቂ ብቻ ነው። አንድ ጥቅም አለው፤ የተቀረጸው በእንግሊዝኛ ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ፊልም | ዓመት | ጥንቆላው እውነት ነው? | የልጁ ድርሻ | ትልልቆቹ | ጭካኔ |
|---|---|---|---|---|---|
| ቬኔኖ ፓራ ላስ አዳስ | 1984 | አይደለም፤ እምነት ነው | ሁሉን ይጀምራል | ፊታቸው አይታይም | የሚታየው ትንሽ፣ የሚሰማው ብዙ |
| ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ | 1969 | እስከ መጨረሻው ያጠራጥራል | ግማሽ በግማሽ | ያያሉ፣ አያምኑም | ትንሽ |
| ላ ቲያ አሌሃንድራ | 1979 | እውነት ነው | ተጎጂ | በገንዘብ ታስረዋል | ከፍ ያለ |
| ቭዌልቨን | 2017 | ሁለቱም በር ክፍት ነው | ይመኛል፣ ይዋጋል | ሞተዋል ወይ ጠፍተዋል | ከፍተኛ |
| አሉካርዳ | 1970ዎቹ | እውነት ነው | ልጅ የለም፣ ወጣቶች ናቸው | ከወጣቶቹ የባሱ | በጣም ከፍተኛ |

ሌሎቹን ታዋቂ ፊልሞች ለምን ተውኳቸው?

"አስታ ኤል ቪየንቶ ቲዬኔ ሚዬዶ" የታቦአዳ ነው፣ የ1968። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሉ ልጃገረዶችን ያሳያል፤ በጣም ጥሩ ፊልም ነው። ግን የሙት መንፈስ ታሪክ ነው፤ ጥንቆላ የለበትም። የ2006ቱ "ኤል ላቤሪንቶ ዴል ፋውኖ" ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀው የሜክሲኳዊው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ሥራ ነው። በምትሃት የምታምን ልጅ አለችበት፤ ከርዕሱ ጋር በደንብ ይሄዳል። ታሪኩ ግን ሙሉ በሙሉ ስፔን ውስጥ፣ በ1944 ነው። የሜክሲኮን ቤት፣ የሜክሲኮን ሞግዚት ለማየት ለሚፈልግ አይሆንም። የ2022ቱ "ኡዌሴራ" ጠንቋዮች አሉበት፤ እሱ ግን ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ነው።

እንግዲህ ለማን የቱ?

አንድ ፊልም ብቻ የማየት ጊዜ ካላችሁ "ቬኔኖ"ን እዩ። ርዕሱን እስከ ሥሩ የሚሄድበት እሱ ነው። ሁለት ምሽት ካላችሁ መጀመሪያ "ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ"ን፣ ቀጥሎ "ቬኔኖ"ን። በዚህ ቅደም ተከተል ብታዩ ታቦአዳ በመጀመሪያው የአስተማሪዋን ዓይን፣ በሁለተኛው የልጆቹን ዓይን እንደያዘ ይታያችኋል። ገልብጣችሁ ካያችሁት የ1969ኙ ትንሽ ይቀዘቅዝባችኋል።

ሆረር ለምዳችሁ የማታውቁ ከሆነና እንቅልፍ እንዳያሳጣችሁ ከፈራችሁ በ"ሊብሮ" ጀምሩ። በወጣትነት ዕድሜ ካለ ልጅ ጋር ለማየትም እሱ ይሻላል።

አስተማሪ ወይም ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው ከሆናችሁ ምርጫው ግልጽ ነው፤ "ቬኔኖ"። ስለ ጉልበተኛ ጓደኛ፣ ስለ ማስፈራራት፣ ልጅ ለምን ዝም እንደሚል ከዚህ በላይ ያሳየ ሆረር ፊልም አላውቅም። ለልጆቹ ለማሳየት ሳይሆን መጀመሪያ እናንተ እንድታዩት ነው የምለው። ፍላቪያ ዝም የምትልባቸውን ቦታዎች ተከታተሉ። ልትናገር የምትጀምርባቸውንና የምትተውባቸውን ቅጽበቶችም እንዲሁ።

የዛሬዋን ሜክሲኮ ማየት ለሚፈልግ "ቭዌልቨን" ነው። የኢሳ ሎፔስን ስም "ትሩ ዲቴክቲቭ" ከተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የ2024 ክፍል ታውቁት ይሆናል፤ እሱን ከወደዳችሁ ይህንንም ትወዱታላችሁ። የቤተሰብ ድራማ የሚወድ፣ የአክስትና የገንዘብ ጣጣ የሚገባው ሰው "ላ ቲያ አሌሃንድራ"ን ፈልጎ ይይ። ደምና እብደት የሚፈልግ "አሉካርዳ" አለለት።

ስለ ወጪና ስለ ማግኘት ጥቂት ልጨምር። ከ"አሉካርዳ" በቀር ሁሉም በስፓኒሽ ናቸው፤ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እናንተ የምታነቡት ሰብታይትል እንዳለው አረጋግጡ። "ቬኔኖ" ላይ በተለይ ደካማ ሰብታይትል አትቀበሉ፤ ነገሩ ያለው ሁለቱ ልጆች በሚባባሉት ውስጥ ነው። "ቭዌልቨን" ሻደር በተባለው፣ በሆረር በሚታወቀው የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎት በኩል ወጥቷል። ለአንድ ፊልም ብላችሁ የወር ክፍያ ከመግባታችሁ በፊት ግን በአገራችሁ ለብቻው የሚከራይበት ቦታ እንዳለ እዩ።

ስትፈልጉ ደግሞ ዓመቱን ልብ በሉ። ከታቦአዳ ፊልሞች ሦስቱ በኋላ ዘመን እንደገና ተሠርተዋል፦ "አስታ ኤል ቪየንቶ" በ2007፣ "ኤል ሊብሮ ዴ ፒየድራ" በ2009፣ "ማስ ኔግሮ ኬ ላ ኖቼ" በ2014። ርዕሳቸው ያው ነው፤ ፖስተሩን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ይህ መመሪያ የሚናገረው ስለ 1969ኙ "ሊብሮ" ነው፤ ማርጋ ሎፔስ የምትጫወትበትን ፈልጉ።